ቀጠናና ኖድ፤ የዴክኔት አድራሻ እንዴት ይሰጣል?

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኮምፒዩተር መረብ ለመጻፍ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። አድራሻ መስጠት ማለት ስም ማውጣት ማለት ነው። ስሙን የሚያወጣው ማን ነው? ሁለቱ አንድ ስም ቢይዙ ምን ይደርሳል? ስሙ ያለቀበትስ ምን ያደርጋል? እነዚህ ጥያቄዎች የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ብቻ ጥያቄዎች አይደሉም። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ ዴክኔት የተባለውን አሮጌ የመረብ ሥርዓት መርጠን፣ በውስጡ አንድ ኮምፒዩተር አድራሻውን እንዴት እንደሚያገኝ ከነስሌቱ ለማሳየት እንሞክራለን። ዛሬ በየስልካችን የምንጠቀምበትን ትተን አሮጌውን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬው አድራሻ ማንም ሳያየው ከማሽን ወደ ማሽን ይታደላል፤ የዴክኔት አድራሻ ግን ሰው በእጁ የሚጽፈው፣ በወረቀትና በእርሳስ የሚሰላ ትንሽ ቁጥር ነው።

ዴክኔት የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን፣ ባጭሩ የዴክ፣ ሥራ ነው። ድርጅቱ በ1957 እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሜይናርድ በተባለች ከተማ ተቋቋመ። ፒዲፒ-11 እና ቫክስ የተባሉት ኮምፒዩተሮቹ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋሞች ይገኙ ነበር። ዴክኔት በ1975 ሲወጣ ዓላማው ፒዲፒ-11 ኮምፒዩተሮችን እርስ በርስ ማነጋገር ነበር። በሦስተኛው ደረጃ መረቡ እስከ 255 ኮምፒዩተር መያዝ ቻለ። በ1982 የወጣው አራተኛው ደረጃ ግን ቁጥሩን ወደ 64,449 አደረሰው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ የሚለውን ከዚህ በታች እንደርስበታለን፤ ትምህርታችንም በዚህ በአራተኛው ደረጃ ላይ ነው።

በመረቡ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ኖድ ይባላል። ኖዶች በቀጠና ይከፋፈላሉ። አድራሻውም ሁለት ቁጥር ሆኖ በመካከሉ ነጥብ አለበት፤ የፊተኛው የቀጠናው፣ የኋለኛው የኖዱ ነው። 5.7 ሲባል በቀጠና 5 ውስጥ ያለ 7ኛ ኖድ ማለት ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ወረዳና የቤት ቁጥር በሉት። የቤት ቁጥር 7 በየወረዳው ሊኖር ይችላል፤ በአንድ ወረዳ ውስጥ ግን ከአንድ በላይ ከኖረ ደብዳቤው የማን እንደሆነ አይታወቅም።

አድራሻው በጠቅላላው 16 ቢት ነው። ከነዚህ 6ቱ ለቀጠና፣ 10ሩ ለኖድ ተመድበዋል። በ6 ቢት 64 ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ ዜሮን ስንተው ከ1 እስከ 63 ይሆናል። በ10 ቢት 1,024 ይጻፋሉ፤ ዜሮን ስንተው ከ1 እስከ 1,023 ይቀራል። 63 ጊዜ 1,023 ደግሞ ያ ቀደም ያልነው 64,449 ነው።

ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ቁጥሮች አንድ አድርጎ ይይዛቸዋል። አሠራሩ ይህ ነው፤ የቀጠናውን ቁጥር በ1,024 ማባዛትና የኖዱን ቁጥር መደመር። ለ5.7፣ 5 ጊዜ 1,024 ሲባዛ 5,120 ይሆናል፤ 7 ሲደመርበት 5,127 ይመጣል። በግእዝ ቁጥር መጻፍ የለመደ ሰው ይህን ስሌት ወዲያው ይረዳዋል ብለን እናምናለን። 5,127ን በግእዝ ስንጽፍ ፶፩፻፳፯ እንላለን፤ ይኸውም ሃምሳ አንድ መቶና ሃያ ሰባት ነው። ቁጥሩን «ስንት መቶ፣ ከዚያስ ስንት ትርፍ» ብለን እንከፍለዋለን ማለት ነው። ዴክኔትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ መክፈያው መቶ ሳይሆን 1,024 መሆኑ ብቻ ነው። አምስት ሺህ ሃያ አራቶችና ሰባት ትርፍ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ኮምፒዩተሮቹ የሚገናኙበት ገመድ ኤተርኔት ሲሆን፣ በገመዱ ላይ የሚሰካው ካርድ ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ ባለ 48 ቢት ቁጥር ተሰጥቶት ነው። 48 ቢት ማለት 6 ባይት ነው። ዴክኔት በ16 ቢት ስም ይጠራል፣ ገመዱ በ48 ቢት ስም ይጠራል። እንግዲህ ሁለቱን የሚያስታርቅ ያስፈልጋል። የዛሬው ኢንተርኔት በዚህ ጊዜ የሚያደርገው መጠየቅ ነው፤ «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ በገመዱ ላይ ይጮኻል፣ ባለቤቱም የካርዱን ቁጥር ይመልሳል። የዴክ መሐንዲሶች ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ዴክኔት ሥራ ሲጀምር የካርዱን የፋብሪካ ቁጥር ወደ ጎን አድርጎ፣ ከኖዱ አድራሻ የተሰላ አዲስ ቁጥር በቦታው ያስቀምጣል። ስለዚህ ማንም ኖድ የሌላውን የዴክኔት አድራሻ ካወቀ የካርዱንም ቁጥር በስሌት ያውቀዋል፤ መጠየቅ የለም። በእኛ አስተያየት ብልህ ዘዴ ነው፤ የሚያስከትለውም መዘዝ እንደዚያው ብዙ ነው።

የካርዱ ቁጥር የሚጻፈው በአሥራ ስድስት ቤት ነው። ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞች ስለማይበቁ ስድስት የላቲን ፊደላት ይጨመራሉ፤ ኤ 10፣ ቢ 11፣ ሲ 12፣ ዲ 13፣ ኢ 14፣ ኤፍ 15 ናቸው። በዴክኔት የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች ምንጊዜም ኤኤ-00-04-00 ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከአድራሻው ይመጣሉ። 5,127ን በ256 ስናካፍል 20 ደርሶ 7 ይተርፋል። 20 በአሥራ ስድስት ቤት 14 ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ቁጥራችን 1407 ነው። በካርዱ ላይ ግን የሚጻፈው ተገልብጦ ነው፤ ትንሹ ባይት ይቀድማል። ሙሉው ኤኤ-00-04-00-07-14 ይሆናል።

ይህች መገልበጥ እኛን አንድ ምሽት አስከፍላናለች። የቫክስን ጠባይ የሚመስል ፕሮግራም ጭነን ለመሞከር በተቀመጥን ጊዜ፣ 5.7ን በገመዱ ላይ ስንፈልግ የጻፍነው ኤኤ-00-04-00-14-07 ብለን ነበር። በመረብ መመልከቻው ላይ አንዳች ነገር አልታየም። ካርዱን ቀየርን፣ ገመዱን ቀየርን፣ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያ ጫንን። ኋላ ስናሰላው የፈለግነው ቁጥር 1,812 ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም አንድ 1,024ና 788 ትርፍ ነው። በዓለም ላይ የሌለ ኖድ 1.788 ስንፈልግ አምሽተናል ማለት ነው። 5.7 በዚያን ሰዓት ሁሉ ሥራውን እየሠራ ነበር።

ትንሹን ባይት የማስቀደም ልማድ ከፒዲፒ-11 እስከ ቫክስ የዴክ ኮምፒዩተሮች ልማድ ነው። በሌሎች ኮምፒዩተሮች ደግሞ ትልቁ ይቀድማል። በ1980 ዳኒ ኮኸን የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ ለሁለቱ ወገኖች ስም ያወጣላቸው ከጆናታን ስዊፍት «የጉሊቨር ጉዞዎች» ነው፤ በዚያ መጽሐፍ እንቁላል ከየትኛው ጫፍ ይሰበር በሚል ነገር ጦርነት የሚገጥሙ ሕዝቦች አሉ። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ለምን ይጠቅማል ለሚሉን ጓደኞቻችን ይህችን እናስታውሳቸዋለን።

ለልምምድ ያህል 3.500ን እንሥራ። 3 ጊዜ 1,024 ሲባዛ 3,072፤ 500 ሲጨመር 3,572። በ256 ሲካፈል 13 ደርሶ 244 ይተርፋል። 13 ዲ ነው፤ 244 ደግሞ ኤፍ4 ነው። ተገልብጦ ሲጻፍ ኤኤ-00-04-00-ኤፍ4-0ዲ ይሆናል። አንባቢ 1.10ን ራሱ ይሞክር፤ መጨረሻው 0ኤ-04 ካልሆነ እንደገና ያስላ።

አድራሻውን ለኮምፒዩተሩ መንገር ከስሌቱ ይልቅ ቀላል ነው። ቪኤምኤስ በተባለው የቫክስ ሥርዓት ኔትኮንፊግ የሚባል ጠያቂ ፕሮግራም አለ፤ የኖዱን ስምና አድራሻ ጠይቆ የቀረውን ራሱ ያዘጋጃል። ነገሩን በእጁ መሥራት የሚፈልግ ኤንሲፒ ወደሚባለው የመረብ መቆጣጠሪያ ገብቶ፣ ትእዛዙን እንደ አነጋገሩ በፊደላችን ብንጽፈው፣ «ዴፋይን ኤግዚኪዩተር አድሬስ 5.7» ይላል። ኤግዚኪዩተር ማለት ትእዛዙ የሚሰጥበት ራሱ ኖዱ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሰናክሉ ሁለት ቃላት አሉ፤ «ሴት» እና «ዴፋይን»። «ሴት» የሚለው አሁን በሥራ ላይ ያለውን ይለውጣል፤ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። «ዴፋይን» የሚለው በቋሚው መዝገብ ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲነሣ ከዚያ ያነባል። በሲስኮ ራውተር ላይ ደግሞ «ዴክኔት ራውቲንግ 5.7» ብሎ ማዘዝ፣ ከዚያም በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ «ዴክኔት ኮስት» ብሎ የመንገዱን ዋጋ መስጠት ነው። ያለዚህ ዋጋ በዚያ መገናኛ ዴክኔት አይነሣም።

የኖዱ ስም ከስድስት ፊደልና አኃዝ አይበልጥም። ስሙ ግን በየኖዱ መዝገብ የሚቀመጥ ማስታወሻ እንጂ በገመዱ ላይ መንገድ የሚመራ አይደለም። አንዱ ኖድ 5.7ን «አባይ» ብሎ ሌላው «ተከዜ» ቢለው ሥርዓቱ አይከለክልም። ግራ የሚጋባው ሰው ነው።

ቀደም ብለን መዘዝ ያልነው እነሆ። በአንድ ገመድ ላይ ሁለት ኖዶች አንድ አድራሻ ከያዙ፣ የካርዳቸውም ቁጥር አንድ ይሆናል። ለአንዱ የተላከውን ሁለቱም ይቀበሉታል፤ መልሱም ይጣረሳል። ሁለተኛ፣ ሁለት ካርድ ያለው ኮምፒዩተር ሁለቱንም በአንድ ገመድ ላይ ቢሰካ፣ በሁለቱም ላይ አንድ ቁጥር ስለሚጻፍ ከራሱ ጋር ይጋጫል። ሦስተኛ፣ በዚያው ካርድ ሌላ ፕሮቶኮል የሚሠራ ከሆነ ዴክኔት መቅደም አለበት። ሌላው ፕሮቶኮል የካርዱን ቁጥር ይዞ ሥራ ከጀመረ በኋላ ዴክኔት መጥቶ ቁጥሩን ቢለውጥበት፣ ስሙን በሌሊት እንደተሰረቀ ሰው ይሆናል። አራተኛውን ከራሳችን ሙከራ እንጨምር። ዴክኔትን በተመሳሳይ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው የላፕቶፑን ገመድ አልባ ካርድ አይመን፤ እንዲህ ያለው ካርድ በአብዛኛው የራሱ ካልሆነ ቁጥር የተላከ ነገር አያሳልፍም። ባለ ገመድ ካርድ ይፈልግ።

ቀጠና ያስፈለገበት ምክንያት ደግሞ ይህ ነው። ራውተሮች የሚያውቁትን የመንገድ ሰንጠረዥ በየጊዜው ለጎረቤቶቻቸው ይነግራሉ። ስድሳ አራት ሺህ ኖድ ያለበትን ሰንጠረዥ እየደጋገሙ መላክ የዚያን ዘመን መስመርና ማኅደረ ትውስታ አይችለውም ነበር። ስለዚህ ሥራው በሁለት ተከፈለ። አንደኛ ደረጃ ራውተር የራሱን ቀጠና ኖዶች ብቻ ያውቃል፤ ከቀጠናው ውጭ የሚሄደውን በቅርብ ለሚያገኘው ሁለተኛ ደረጃ ራውተር ያስረክባል። ሁለተኛ ደረጃው በሌላ ቀጠና ማን እንዳለ አያውቅም፤ ወደየትኛው ቀጠና በየት በኩል እንደሚኬድ ግን ያውቃል። ለመደበኛ ኖድ ይህ ሁሉ ጉዳይ አይደለም፤ በገመዱ ላይ ራውተር ካለ ለእርሱ ይሰጣል።

ከዚህ የተነሣ ቀጠና የሚከፍል ሰው አንድ ነገር መርሳት የለበትም። አንድ ቀጠና በውስጡ የተያያዘ መሆን አለበት። ቀጠና 5 መሐሉ ተቆርጦ ሁለት ቢሆን፣ ከውጭ ያሉት ራውተሮች አሁንም አንድ ቀጠና 5 ብቻ ነው የሚያውቁት። የተላከው ወደ ቅርቡ ግማሽ ይገባና ኖዱን ሳያገኝ ይቀራል፤ በሌላ ቀጠና በኩል ዞሮ የሚደርስበት መንገድ ቢኖር እንኳ አይሞከርም። ሌላው ጥንቃቄ፣ ራውተሩ የሚይዘው ከፍተኛ የኖድ ቁጥር በእጅ የሚወሰን ነው። ራውተሩ እስከ 200 ብቻ እንዲያውቅ ተደርጎ ሳለ ለአንዱ ኖድ 5.900 የሚል አድራሻ ቢሰጠው፣ ያ ኖድ ለራውተሩ የለም። ቁጥር ከታች ጀምሮ በተከታታይ መስጠት ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው።

ሌሎች ሥርዓቶች ስሙን ማን ያውጣ ለሚለው ጥያቄ የተለየ መልስ ሰጥተዋል። የኖቬል አይፒኤክስ የኖዱን ቁጥር ከካርዱ ፋብሪካ እንዳለ ይወስዳል፤ ሰው የሚጽፈው ባለ 32 ቢቱን የመረብ ቁጥር ብቻ ነው። የአፕል አፕልቶክ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ራሱ አንድ ቁጥር መርጦ፣ የያዘው ሰው እንዳለ በገመዱ ላይ ጠይቆ፣ ከሌለ ይወስደዋል። በዴክኔት ግን መዝገብ የሚይዝ ሰው የግድ ያስፈልጋል።

መዝገብ የሚይዝ ሰው ካለ ደግሞ መዝገቡ የሚሞላበት ቀን አለ። 63 ቀጠና ለአንድ ድርጅት ብዙ ነው። በ1980ዎቹ ግን የናሳው ስፓንና የከፍተኛ ኃይል ፊዚክስ ተመራማሪዎች መረብ ሄፕኔት ተያይዘው፣ አሜሪካንና አውሮፓን የሚያገናኝ አንድ ትልቅ ዴክኔት ሆኑ። የቀጠና ቁጥሮቹንም ተካፈሉ። ቁጥሮቹ አልበቁም። ስለዚህ አንዳንዱ የቀጠና ቁጥር በብዙ ቦታ እንዲደጋገም ተፈቀደ፤ እነዚህም ስውር ቀጠናዎች ይባሉ ነበር። በስውር ቀጠና ያለ ኖድ ከሌላው ዓለም በቀጥታ አይታይም። እርሱን የሚፈልግ ሰው መንገዱን ራሱ መጻፍ ነበረበት፤ መጀመሪያ የታወቀውን ኖድ ስም፣ ሁለት ነጥብ በድርብ፣ ቀጥሎ የስውሩን ኖድ ስም፣ እንደገና ድርብ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ የፋይሉን ስም። የዘመኑ ሰዎች ይህን «የድኻ ራውቲንግ» ብለውታል። የቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈር እንግዳ ስንጠራ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ሱቅ ጠይቅ፣ እዚያ ያሳዩሃል» እንደምንለው ነው። ይደርሳል፤ ሱቁ የተዘጋ ዕለት ግን አይደርስም። ቀድመው የመጡት ሙሉ አድራሻ ይዘው፣ የዘገዩት በሌላ ሰው በር እየገቡ ነበር የሚሠሩት። ስድስት ቢት ይበቃል ያሉት መሐንዲሶች ይህን አስበው የወሰኑ አይመስለንም፤ ውጤቱ ግን የእነርሱ ውሳኔ ውጤት ነው።

የቁጥሩ ማነስ ሌላም መልክ አለው። በጥቅምት 1989፣ ጋሊሊዮ የተባለችው መንኮራኩር ከመተኮሷ ጥቂት ቀናት በፊት፣ ዋንክ የተባለ ትል በስፓን ላይ ተሠራጨ። ቀጣዩን ኮምፒዩተር የሚያገኘው የኖድ ቁጥር እንደ ዕጣ እያወጣ ነበር። ስልሳ አምስት ሺህ በማይሞላ ቁጥር ውስጥ እንዲህ ያለ ዕጣ ብዙ ጊዜ ይወጣል። የመግቢያ ቃላቸው ከተጠቃሚው ስም ጋር አንድ የሆነ ኮምፒዩተሮች ነበሩና በየቤቱ ያለ ችግር ገባ።

አምስተኛው ደረጃ በ1987 ሲታወጅ አድራሻውን እስከ 20 ባይት አስረዘመው፤ ነገር ግን ዓለም ወደ ኢንተርኔት ፕሮቶኮል እየዞረ ነበር። ዴክ ራሱ በ1998 ለኮምፓክ ተሸጠ፣ ኮምፓክም በ2002 ከኤችፒ ጋር ተዋሐደ። በ2022 መጨረሻ ዴክኔት ከሊኑክስ ከርነል ወጣ። ሆኖም አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ የሚለው አከፋፈል አልጠፋም። ለአምስተኛው ደረጃ በዴክ የተዘጋጀውና ራዲያ ፐርልማን ከሠሩበት አንዷ የሆነችበት አይኤስ-አይኤስ፣ ዛሬም በትልልቅ የኢንተርኔት አቅራቢዎች መረብ ውስጥ በሁለት ደረጃ ይሠራል።

መሞከር ለሚፈልግ ሲምኤች የተባለው ፕሮግራም የፒዲፒ-11ንና የቫክስን ጠባይ በተራ ኮምፒዩተር ላይ ያስመስላል። ሄክኔት በሚባል የወዳጆች መረብ ውስጥም አሮጌውን ዴክኔት እስካሁን የሚያሠሩ ሰዎች አሉ፤ ወደ እነርሱ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የቀጠና ቁጥር ማስመደብ አለበት። እኛ ዘንድ ያለው መዝገብ ባለ አንድ ገጽ ነው። ቀጠናው 5 ነው፤ ከ5.1 እስከ 5.7 ያሉት ተይዘዋል፤ ስሞቻቸው በግራ፣ አድራሻዎቻቸው በመሐል፣ ተገልብጠው የተጻፉት የካርድ ቁጥሮች በቀኝ ተመዝግበዋል። ቀጣዩ ሰው ከ5.8 ይጀምራል።